የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ ወጪ ከማን ኪስ ይወጣል?

በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በመርጡለ ማርያም፣ እንደዚሁም በቢቸናና በሞጣ፣ መንገድ ሁሉ የአንድ ባለቤት አይደለም። ከከተማ ከተማ የሚዘልቀውን ዋና መንገድ የሚይዘው የፌዴራል ወይም የክልል መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከዚያ ተገንጥሎ ወደ ገበያና ወደ ጤና ጣቢያ የሚገባው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን የማዘጋጃ ቤቱ ዕዳ ነው። ክረምት ሲገባ ባጃጅ ዋልካ ውስጥ የሚቀረቀረው እዚህ ላይ ነው።

የማዘጋጃ ቤት ገቢ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከቤት ግብርና ከገበያ አገልግሎት ክፍያ ይለቃቀማል። ከእነዚህ ሊዝ ረብጣ ያስገኛል፤ ሆኖም አንድ ቦታ በየዓመቱ ለጨረታ አይወጣም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ከተሞች በየዓመቱ የሚተማመኑበት ገቢ እንዲያገኙ ያለመ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ደግሞ ከነዳጅ ሽያጭ ከሚሰበስበው ለከተሞችም ያካፍላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለጥገና እንጂ ለአዲስ ግንባታ አይደለም፣ ትልቁን ድርሻም አውራ ጎዳናው ይወስደዋል። በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ሲሆን፣ ድጋፉን በሥራ አፈጻጸም ይመዝን ነበር፤ ከተማውም ከራሱ ገቢ እንዲያዋጣ ይጠይቅ ነበር።

ለትንሽ ከተማ አቅም የሚመጥነው ጌጠኛ ድንጋይ፣ በተለምዶ ኮብልስቶን፣ ነው። አስፋልት ከውጭ የሚገባ ሬንጅና ከባድ ማሽን ይፈልጋል። ለጌጠኛ ድንጋይ ግን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ጥቁሩን ድንጋይ በመዶሻና በመሮ እየጠረቡ፣ ጎኑ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ኩብ ያወጣሉ። ገረጋንቲው ተደልድሎ ከተጠቀጠቀ በኋላ አሸዋ ይነጠፋል፣ ድንጋዩ በላዩ ይደረደራል፣ ክፍተቱም በአሸዋ ይሞላል። የጠራቢውና የአንጣፊው ክፍያ እዚያው ከተማ ውስጥ ይመነዘራል፤ የሥራው ትልቁ ጥቅም ምናልባት ይኸው ነው።

በብዙ ከተሞች ነዋሪውም ከደጁ ለሚያልፈው መንገድ ያዋጣል። መዋጮው በአጥር ርዝመት ከተመደበ ግን ማዕዘን ላይ የሚኖር ጡረተኛ ከባለ ፎቁ ነጋዴ በላይ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ የነዋሪውን አቅም ያላየ ምደባ ፍትሐዊ አይደለም።

ንጣፉ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመኪና ክብደት ሳይሆን በውሃ ነው። መንገዱ ቦይ ከሌለው፣ ጎርፍ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን አሸዋ ያጥበዋል፣ ድንጋዩም ይላቀቃል። የቧንቧ መስመር ለመዘርጋት ተቆፍሮ በቅጡ ያልተመለሰ ቦታም እንዲሁ ይሰምጣል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ በጀት ሲይዝ፣ ነዋሪውም ሲያዋጣ፣ የቦዩና የጥገናው ወጪ ከንጣፉ ጋር አብሮ መያዝ አለበት።