ጆሮ ጠቢው የት ነው?

ገመድ አልባ የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርግ ሰው ስለ ምስጢሩ ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣበት የጠለፋ ሥጋት ነው፤ ባዕድ ሰው ከግድግዳ ማዶ ሆኖ በብሉቱዝ የሚመጣውን የስልክ ንግግር ቢያዳምጥስ? ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው ኖብ የተባለ የጥቃት ስልት፣ በብሉቱዝ የሚገናኙ ሁለት መሣሪያዎች የሚስማሙበትን የምስጢር ቁልፍ እጅግ አሳጥሮ በቀላሉ እንዲገመት ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። በ2025 ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች፣ ኤይሮሃ በተባለው ኩባንያ ቺፕ የሚሠሩ የታወቁ የጆሮ ማዳመጫዎች ውስጥ ሳይጣመሩ ዘልቆ መግባት እንደሚቻል ደርሰውበታል። ይሁንና በሁለቱም አጥቂው በሜትሮች ርቀት ላይ መገኘት አለበት፤ ዕውቀቱም ትዕግሥቱም ሊኖረው ግድ ነው። ይህን ሁሉ ድካም ለአንዲት ጡረተኛ መምህርት ብሎ የሚደክም ጠላፊ ማግኘት ይከብዳል። እሷን በየቀኑ የሚከታተላት ጆሮ ጠቢ ሌላ ነው፤ በገዛ ስልኳ ላይ በፈቃድ የገባው የመስሚያ መሣሪያው መተግበሪያ።

ድምፅን በማሾለክ ረገድማ አሮጌው ቴክኖሎጂ ይብሳል። በአዳራሽ ወለል ዙሪያ በተዘረጋ ሽቦ ድምፅን በመግነጢስ የሚያስተላልፈው ዘዴ ምንም ምስጠራ የለውም፤ መግነጢሱ በግድግዳ አልፎ ስለሚሄድ በጎረቤት ክፍል ያለ ሰው የመስሚያ መሣሪያውን መግነጢስ ተቀባይ ወደሆነው ቴሌኮይል ካዞረ ስብሰባውን ሊሰማ ይችላል። በትምህርት ቤቶች ብዙ ዘመን ያገለገለው የኤፍኤም ማይክሮፎንም እንዲሁ ነው፤ አስተማሪው ማጥፋቱን ረስቶ ወደ ኮሪደር ከወጣ የሚያወራው ሁሉ ተማሪው ጆሮ ይገባል። በ2022 የመጣው አውራካስት የተባለው የብሉቱዝ ሥርጭት ቢያንስ ሥርጭቱን በኮድ የመቆለፍ ምርጫ ሰጥቷል።

የዛሬው መሣሪያ ግን ድምፅ ከማጉላት አልፎ ይመዘግባል። በቀን ስንት ሰዓት ጆሮ ላይ እንደዋለ፣ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በጸጥታ፣ ምን ያህሉ በጫጫታ፣ ምን ያህሉ በንግግር መካከል እንዳለፈ፣ ድምፁ መቼ ከፍና ዝቅ እንደተደረገ ይይዛል። ድሮ ይህ መዝገብ የሚነበበው ክሊኒክ ውስጥ፣ በባለሙያው ኮምፒውተር ነበር። አሁን መተግበሪያው ሲጨመርበት የኢሜይል አድራሻ፣ መሣሪያው ቢጠፋ ለመፈለጊያ የሚሆን የመጨረሻ ቦታ፣ በአንዳንዶቹም የእርምጃ ብዛትና የመውደቅ ማስጠንቀቂያ ይከተላሉ። እነዚህን አንድ ላይ አድርጎ ለሚያነብ ሰው፣ የጸጥታው ሰዓት እየረዘመ፣ እርምጃው እያነሰ፣ መውደቁ እየተደጋገመ ከሄደ፣ መዝገቡ ብቻዋን የምትኖር እየደከመች ያለች ሴት ታሪክ ነው። ከንግግሯ አንዲት ቃል አልተቀዳም። ለኢንሹራንስ ኩባንያና ለማስታወቂያ ነጋዴ ግን ከንግግሯ ይልቅ ይህ ይጠቅማል። የጤና መረጃ በዚህ መንገድ መውጣቱም ግምት ብቻ አይደለም፤ በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጉድአርኤክስ የተባለው የመድኃኒት ቅናሽ አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል አሳልፏል ብሎ ከሶት፣ ኩባንያው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ኩባንያው የመስሚያ መሣሪያ ሻጭ ባይሆንም፣ የጤና መረጃ በመተግበሪያ በኩል እንዴት ሊወጣ እንደሚችል ያሳያል። የአሜሪካው የጤና ምስጢር ሕግም በዋናነት የሚያስረው ሐኪም ቤትንና ኢንሹራንስን እንጂ ደንበኛው ራሱ ያወረደውን መተግበሪያ አይደለም፤ ከጥቅምት 2022 ወዲህ ደግሞ እዚያ አገር የመስሚያ መሣሪያን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ መግዛት ስለተፈቀደ፣ በመካከል ክሊኒክ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል።

መዝገቡ ይጠቅማል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሰውየው «ቀኑን ሙሉ አደርገዋለሁ» ሲል መዝገቡ ሁለት ሰዓት ካሳየ፣ ችግሩ ከመሣሪያው ይሁን ከአጠቃቀሙ ይለያል። ይህ ጥቅም ግን ኢሜይልም፣ ቦታም፣ የማስታወቂያ መከታተያም አይፈልግም፤ መዝገቡ ከመሣሪያውና ከክሊኒኩ ሳይወጣ ሥራውን ይሠራል። «ተጠቃሚው ተስማምቷል» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ደካማ ነው። የእናቱን ስልክ ይዞ «እስማማለሁ» የሚለውን የሚጫነው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ገጽ ሳያነብ። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ የሚያዝ ያደርገዋል፤ ዘመድ ከውጭ የላከው መሣሪያ መረጃውን የሚያከማቸው ባሕር ማዶ ሲሆን ግን አዋጁን ማስፈጸም ቀላል አይሆንም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሰውን ከመሣሪያው ያሸሻል የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመስማት እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ከ430 ሚሊዮን በላይ ያደርሳቸዋል፤ በፍርሃት መሣሪያውን ማውለቅ ከማንኛውም የመረጃ መሹለክ ይከፋል። ደግነቱ ምርጫው ማድረግ ወይም ማውለቅ አይደለም። ድምፅን የሚያጎላው ጆሮ ላይ ያለው መሣሪያ ራሱ ስለሆነ በክሊኒክ የተስተካከለው አብዛኛው ያለ መተግበሪያ ይሠራል፤ መተግበሪያ የፈለገም የቦታ ፈቃዱን መከልከል ይችላል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ጠፍተው ሲበሩ ለጥቂት ደቂቃ ለማጣመር ክፍት ይሆናሉ፤ ስክሪን ስለሌላቸውም የሚያረጋግጡት ቁጥር የለም፤ ስለዚህ ማጣመሩን ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን ቤት ውስጥ መጨረስ ይሻላል። ባለቤቱ አርፎ ወይም አዲስ ገዝቶ አሮጌው ለሌላ ሰው ሲሰጥም፣ ከድሮው ስልክ ማለያየቱ፣ መዝገቡን ባለሙያ ማስጠፋቱና አካውንቱን መዝጋቱ አብሮ መሠራት ያለበት ነው፤ በተለምዶ ግን ባትሪ ተቀይሮለት ብቻ ይሰጣል።