ምዕራፍ ሰባት፦ የተያዘ መሣሪያ መረጃ ለማን ይከፈት?

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የጂቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው። ከደወሌ ጠረፍ ወደ መሐል አገር የሚዘልቀው መንገድ ዛሬም በእሷ በኩል ያልፋል፤ ኮንትሮባንዲስቱም ይህን ያውቃል። ኬላዋ ላይ የተያዘ ሽጉጥ መነሻውም መድረሻውም ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የድሬዳዋ መርማሪ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ የሌሎችን መዝገብ ማየት ግድ ይለዋል።

ሥራው የሚጀምረው ከብረቱ ነው። የክላሽ መለያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በግራ ጎኑ፣ ካዝናው ከሚገባበት በላይ ተመትቶ ይገኛል። በሞረድ ቢፋቅም ተስፋ አይቆረጥም፤ ቁጥሩ ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ስለሚጨመቅ በአሲድ ሲታጠብ አንዳንዴ ተመልሶ ይነበባል። ከዚያ አምራቹ ለማን እንደሸጠ፣ ገዢውም ለማን እንዳስተላለፈ እየተጠየቀ እስከ መጨረሻው ሕጋዊ ባለቤት ይኬዳል። ብዙ እንዲህ ያለ መረጃ ሲጠራቀም የአዘዋዋሪዎቹ መስመር ይገለጣል።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው፣ በካንሳሱ የኮንግረስ አባል ቶድ ቲያርት ስም የሚጠራው ድንጋጌ መረጃው ለሕዝብ እንዳይወጣ ከለከለ። ቆይቶም ፖሊስ ከራሱ ወሰን ውጭ ያለውን እንዳያገኝ ተገደበ። ደጋፊዎቹ በስውር የሚሠሩ መርማሪዎች ይጋለጣሉ፣ ሕጋዊ ሻጮችም ያለ ጥፋታቸው ይወቀሳሉ ብለው ሰጉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኒውዮርክና የቦስተን ከንቲባዎች የመሠረቱት ጥምረት ደግሞ ሕገ ወጥ መሣሪያ የከተማ ወሰን አያግደውም ሲል ሞገተ። በኋላ የፖሊሶች ልውውጥ ተፈቀደ፤ ዝርዝሩ ለሕዝብ ግን ዝግ ሆኖ ቀረ።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥሩን በዋናነት ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ኢትዮጵያ የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮልም አገሮች መሣሪያ እንዲመዘግቡና መረጃ እንዲለዋወጡ ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ የዜጋው መረጃ ያለ አግባብ እንዳይበተን ይከላከላል።

ሦስቱን ማስታረቅ ይቻላል። መርማሪው ለያዘው ጉዳይ ሙሉውን መረጃ በቶሎ ያግኝ፤ መዝገቡን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደከፈተም ይመዝገብ። ስም የሌለበት ድምር፣ የትኛው ዓይነት መሣሪያ በየትኛው መስመር እንደሚገባ፣ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ።

ፈቃድ ያለው መሣሪያ የያዛችሁ አንባቢዎችም ድርሻ አላችሁ። ቁጥሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ከተሰረቀባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለፖሊስ አሳውቁ። ስርቆቱን ሳታሳውቁ ቀርታችሁ ነገ በመሣሪያው ወንጀል ቢፈጸም የመርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ ወደ እናንተ ይመጣል።