አንድ እሳት፥ ሁለት ፍርድ

በንግድ ሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣ ለማግኘት ሲከስ፥ የሌላውን ወገን ጥፋት ማሳየቱ ብቻ አይበቃውም። ጥፋቱ ለጉዳቱ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ይገባዋል። የዚህን ነገር ክብደት በአውስትራልያ በሲድኒ ወደብ የደረሰው ቃጠሎ በግልጥ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1951 ዋገን ማውንድ የተባለችው መርከብ ነዳጅ ስትቀዳ፥ በሠራተኞቿ ቸልተኝነት ብዙ ወፍራም የማቃጠያ ዘይት ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። ዘይቱም እየተንሳፈፈ ሞርትስ ዶክ የተባለው ኩባንያ መርከብ ወደሚጠግንበት ስፍራ ደረሰ። የኩባንያው ኃላፊ ብየዳውን አስቁሞ ጠየቀ፤ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ስለ ተነገረው ሥራው እንዲቀጥል አዘዘ። ኖቬምበር 1 ቀን ግን ከብየዳው የወደቀ የቀለጠ ብረት በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ጨርቅ አቀጣጠለ፤ የመርከብ መጠገኛውና በዚያ የነበሩት መርከቦች በእሳት ተጎዱ።

ሞርትስ ዶክ ዋገን ማውንድን ተከራይቶ ያሠራ የነበረውን ኩባንያ ከሶ በሲድኒ ረታ። ነገር ግን በ1961 በለንደን የሚያስችለው የዘውድ ምክር ቤት የፍርድ ኮሚቴ ፍርዱን ሻረው። ከ1921 ጀምሮ በእንግሊዝ ሕግ፥ ጉዳቱ ከጥፋቱ በቀጥታ መምጣቱ ይበቃ ነበር። ዳኞቹ ግን አስተዋይ ሰው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለውን ጉዳት አጥፊው አይክስም ሲሉ ፈረዱ። እንዲህ ያለው ዘይት በውሃ ላይ ሊቀጣጠል እንደሚችል ተከሳሹ ማወቅ ይገባው እንደነበር አልተረጋገጠም ነበርና።

በዚያው እሳት የተጎዱት መርከቦች ባለቤቶች ግን ሌላ ማስረጃ አቀረቡ። አደጋው እምብዛም የማይደርስ ቢሆንም የዋገን ማውንድ ዋና መሐንዲስ ሊያውቀው ይገባ እንደነበር ስለ ተረጋገጠ በ1966 ረቱ። ሞርትስ ዶክ ይህን እንዳያስረዳ የገዛ ብየዳው አስቸግሮት ነበር፤ አደጋው የታወቀ ነው ቢል፥ እያወቅህ ስለምን በየድህ መባሉ አይቀርም ነበርና። እሳቱ አንድ ነው፤ ፍርዱን የለየው ማስረጃው ነው።

በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሁሉ እንዲክስ ያዛል። በቁጥር 2141 እንደ ተደነገገው ግን የጉዳቱን ልክና ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርገውን ሁኔታ ማስረዳት የከሳሹ ፈንታ ነው። ስለዚህ በጎረቤቱ ቸልተኝነት መደብሩ የተጎዳበት ነጋዴ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግብ፤ የተበላሸውን ዕቃ ከመጣሉ በፊት በምስክሮች ፊት ያስመርምር፤ የዕቃውን ደረሰኝ ይጠብቅ፤ ክሱንም በ2 ዓመት ውስጥ ያቅርብ። ዳኛ የሚፈርደው በሐዘኔታ ሳይሆን በቀረበለት ማስረጃ ነው።