አዲስ የለውዝ ዛፍ ዝርያ ማውጣት ለምን ዓመታት ይፈጃል?

በደቡብ ምሥራቅ ስፔን በሙርሲያ ከተማ የሚገኘው ሴባስ የተሰኘው የመንግሥት የምርምር ማዕከል ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ የለውዝ ዛፎችን እያዳቀለ አዳዲስ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። የማዕከሉ ሥራ አንድ ዝርያ ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ አርሶ አደሩ እጅ እስኪደርስ ስንት ፈተና እንደሚያልፍ በግልጽ ያሳያል።

እዚህ ላይ ለውዝ ሲባል በየመንገዱ ተቆልቶ የሚሸጠው ኦቾሎኒ አለመሆኑን ማስገንዘብ ያስፈልጋል። ኦቾሎኒ የባቄላና የአተር ወገን ሲሆን፣ በኦሪት ዘኍልቍ ከአሮን በትር ጋር የተጠቀሰው ለውዝ ግን አልሞንድ እየተባለ የሚጠራው የዛፍ ፍሬ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕሪኮትና ቼሪ ናቸው። ከኮክ የሚበላው ሥጋው ሲሆን ከለውዝ የሚበላው በጠንካራው ቅርፊት ውስጥ ያለው ፍሬ ነው። ለውዝና ኮክ እርስ በርስ መዳቀል የሚችሉ በመሆናቸው፣ ከሁለቱ የተገኙ ዲቃላዎች በሜዲትራኒያን አካባቢ ለበርካታ የፍራፍሬ ዛፎች ሥር ሆነው ያገለግላሉ።

አብዛኛው የለውዝ ዛፍ በራሱ የአበባ ብናኝ ማፍራት አይችልም። ብናኙ የራሱ ዝርያ አበባ ላይ ቢያርፍ አበባው ራሱ ለይቶ እድገቱን ይገታዋል። በዚህም ምክንያት አርሶ አደሩ በአንድ ማሳ ላይ ቢያንስ ሁለት በአንድ ወቅት የሚያብቡ ዝርያዎችን አፈራርቆ ለመትከል፣ ብናኙን የሚያመላልሱ ንቦችንም ለመከራየት ይገደዳል። ከዓለም የለውዝ ምርት ትልቁን ድርሻ በምትይዘው የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በየዓመቱ የካቲት ወር ላይ ሁለት ሚሊዮን ያህል የንብ ቀፎዎች ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ግዛቶች በከባድ መኪና ተጭነው ወደ ማሳዎቹ ይጓጓዛሉ። በአበባው ሰሞን ዝናብ ወይም ብርድ ቢሆን ንቦቹ አይወጡም፤ የዓመቱ ምርትም ይቀንሳል።

መፍትሔው የተገኘው ከደቡብ ጣሊያን ነው። በፑሊያ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ቱዎኖ የተባለ ዝርያ በራሱ ብናኝ የሚያፈራ ሲሆን፣ የፈረንሳይና የስፔን ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ በማዳቀል ወደ ሌሎች ዝርያዎች አስተላልፈዋል። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስፔን እንደ አዲስ ዝርያ የተለቀቀውና በሰፊው የተተከለው ጓራ ከዓመታት በኋላ በዘረመል ምርመራ ሲታይ ራሱ ቱዎኖ ሆኖ ተገኝቷል። በካሊፎርኒያም የዛይገር ቤተሰብ ያዳቀለው ኢንዲፔንደንስ የተባለ ራሱን የሚያዳቅል ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ ቀርቧል። እንዲህ ያሉ ዝርያዎችም ቢሆኑ ንብ ሲያገኙ የተሻለ ምርት ይሰጣሉ።

የማዳቀሉ ሥራ የሚከናወነው በእጅ ነው። ባለሙያው አበባው ሳይፈነዳ ወንዴውን ክፍል ነቅሎ ከተመረጠው አባት የተሰበሰበውን ብናኝ ይቀባል። የተገኘው ዘር በቅዝቃዜ ከቆየ በኋላ ይበቅላል፤ ችግኙም ተተክሎ የመጀመሪያ ፍሬውን እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይጠበቃል። እያንዳንዱ ዘር ከእናቱም ከአባቱም የተለየ ስለሚሆን የሚፈለገውን ማግኘት የቁጥር ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ሁለቱም ወላጆች የመራራነትን ዘረመል በድብቅ የያዙ ከሆነ ከልጆቻቸው ሩብ ያህሉ መራራ ይሆናሉ። መራራ ለውዝ ደግሞ ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ በመሆኑ ለምግብነት አይውልም። ራስን የማዳቀልና ዘግይቶ የማበብ ጠባይን ደግሞ እያንዳንዳቸውን የሚወርሰው ግማሹ ነው ቢባል፣ ሦስቱን አሟልቶ የሚገኘው ከመቶ ችግኝ አሥራ ዘጠኝ ያህሉ ብቻ ይሆናል። ከእነዚህም ውስጥ በፍሬ መጠን፣ በምርትና በበሽታ መቋቋም የሚመረጡት ጥቂት ናቸው። የተመረጠው ዛፍ ቅርንጫፉ በሌላ ሥር ላይ እየተጣበቀ ይባዛና በልዩ ልዩ ቦታ ለዓመታት ይፈተሻል። በጠቅላላው ከ12 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

የሙርሲያው ማዕከል ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ለውዝን ጣፋጭ ያደረገውን የዘረመል ለውጥ ለይተው አሳውቀዋል። ዛሬ ከለጋ ችግኝ ላይ አንድ ቅጠል ወስዶ በመመርመር የማይፈለገውን ገና ሳይተከል ማስወገድ ይቻላል። ምርመራው የማሳና የዓመታት ወጪን ቢቆጥብም በማሳ ላይ የሚደረገውን ፍተሻ ግን አልተካም።

ማዕከሉ ካወጣቸው ውስጥ ፔንታና ታርዶና የተባሉት ራሳቸውን የሚያዳቅሉና እጅግ ዘግይተው የሚያብቡ ናቸው። በስፔን ነባር የሆኑት ዝርያዎች በጥርና በየካቲት ስለሚያብቡ ውርጭ ያገኛቸዋል፤ እነዚህ ግን የሚያብቡት በመጋቢት ነው። ችግሩ ዘግይቶ የሚያብብ ዛፍ እንቅልፉን ለመጨረስ ብዙ የብርድ ሰዓት መፈለጉ ነው። ክረምቱ ከሞቀ አበባው ይዛባል። ዝርያው ለቀዝቃዛው መሃል አገር ሲስማማ ለሞቃታማው የባሕር ዳርቻ ላይበጅ ይችላል።

ጉዳዩ ኮክና ፕሪም ለሚተከልባቸው የአገራችን ደጋማ አካባቢዎችም እንግዳ አይደለም። የአውሮፓ ዓይነት ጠንካራ ብርድ በሌለበት፣ ብዙ ብርድ የሚፈልግ ዝርያ ቅጠል እንጂ በቂ ፍሬ አይሰጥም። ለዚህም ነው በጥቂት ብርድ የሚረኩ የኮክ ዝርያዎችን ለማውጣት የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲሠራ የኖረው።

የአየር ሙቀት እየጨመረ ባለበት በዚህ ወቅት አዳቃዩ ውርጭን ለማምለጥ ዘግይቶ የሚያብብ፣ ነገር ግን ጥቂት ብርድ የሚበቃው ዛፍ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ጠባዮች ደግሞ በአብዛኛው አብረው አይገኙም። በዚህ ዓመት የተቀባ የአበባ ብናኝ ዝርያ ሆኖ አርሶ አደሩ ዘንድ የሚደርሰው እ.ኤ.አ. በ2040 ገደማ ሲሆን፣ የሚተከለውም ማሳ ከዚያ በኋላ 20 እና 25 ዓመት ያገለግላል።