ከቤት እየተመላለሱ ረመዳንን መጾም፦ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለገባችሁ

 

ረመዳን ሊገባ ሲል በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ በብዛት ይደርሰኛል፦ «ከቤት እየተመላለሱ መማርና መጾም እንዴት ይሆናል?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገቡ እህቶችና ወንድሞች ናቸው። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብያለሁ። እኔ ከአየር ጤና እየተመላለስኩ ነው የምማረው፤ ስለዚህ የምነግራችሁ የማውቀውን የአዲስ አበባን መንገድ ይዤ ነው። ሙስሊም ያልሆናችሁ የክፍል ጓደኞቻችንም አንብቡት፤ ወደ መጨረሻው ለእናንተ የምለው አለኝ።

ዋናውን ላስቀድም። ተመላላሽ ተማሪን በረመዳን ከረሃብ ይልቅ የሚጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የእንቅልፍ እጥረትና የማታው መንገድ። እነዚህን ከወሩ በፊት መልክ ያስያዘ ጾሙም ትምህርቱም ይገራለታል።

ረሃቡን እንየው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የቀኗ ርዝመት ከወር ወር ያን ያህል አይለዋወጥም። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል፤ እኛ ግን በየትኛውም ወቅት ቢውል የምንጾመው 13 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በሰሜን አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ረመዳን በሰኔ ሲውልባቸው ከ18 ሰዓት በላይ ይጾማሉ። የእኛ ሰዓት አላህ ያገራው ሰዓት ነው፤ ጤነኛ ወጣት ይችለዋል። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ሆድም ይለምዳል።

እንቅልፍ ማጣት ግን አይለመድም። ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት ሲውል ፈጅር (የንጋት ሰላት) ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል። ሱሑር (ከፈጅር በፊት የሚበላውን ምግብ) ለመብላት ቢዘገይ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለባችሁ። ተራዊሕ (የረመዳንን የምሽት ሰላት) ሰግዶ ቤት የገባ ሰው ጋደም የሚለው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። በዚህ ላይ «ትንሽ ላጥና» ብሎ እስከ 6 ሰዓት የሚቀመጥ ተማሪ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ተኝቶ ይነሳል፤ የ2 ሰዓት ክፍል ላይ ለመድረስ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ታክሲ ተራ መገኘት አለበት። እንዲህ እየሆነ አንድ ሳምንት ሲያልፍ መምህሩ የሚናገረው መሰማት ያቆማል። ያኔ ጥፋቱ በጾሙ ላይ ይላከካል፤ የጎዳው ግን የሌሊቱ አያያዝ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ከተራዊሕ በኋላ ጥናት የሚባል ነገር አትጀምሩ፤ ተኙ። ጥናቱን ከፈጅር ሰላት በኋላ ወዳለው ሰዓት አዙሩት። ሆድ ሱሑር ይዟል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ስልክም የሚደውል የለም። ቀን ላይ ዙህር (የቀትር ሰላት) ከሰገዳችሁ በኋላ ሃያ ደቂቃ የምታሸልቡበት ቦታ ፈልጉ። ሌላው ምሳ በሚበላበት ሰዓት እናንተ ነፃ ናችሁና ተጠቀሙበት።

ሱሑርን «እንቅልፌ ይበልጥብኛል» ብላችሁ አትዝለሉ። ሱሑርን ወደ ፈጅር ጠጋ አድርጎ መብላት፣ ኢፍጣርን (ጾም መፍቻውን) ደግሞ ጊዜው እንደገባ አለማዘግየት ሱና ነው፤ ሁለቱም ለሰውነት ጠቃሚ ሆነው ነው ያገኘኋቸው። እኛ ቤት ለሱሑር ቂንጬ ወይም የገብስ ገንፎ፣ አንዳንዴም ፉል በእንቁላል ይቀርባል። እነዚህ ሆድ ውስጥ ይቆያሉ። ጨው የበዛበትና በዘይት የተጠበሰ ነገር ግን ረፋዱ ላይ ያስጠማል። ውኃውንም ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ከፋፍላችሁ ጠጡ፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ አንድ ሊትር መገልበጥ ታክሲ ውስጥ ከማስጨነቅ በቀር ጥቅም የለውም። ቡና የምትወዱ ደግሞ ከረመዳን በፊት ባለው ሳምንት ስኒውን እየቀነሱ መምጣት ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቀትር በኋላ የሚነሳው ራስ ምታት ለብዙዎቻችን የቡና ሱስ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ።

የጠዋቱ መንገድ ቀላል ነው። ፈተናው ማታ ነው። በየካቲትና በመጋቢት መግሪብ (ጾም የሚፈታበት የምሽት ሰላት) 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ ይላል፤ ይህም መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ወጥቶ መላው ከተማ ቤቱ ለመግባት የሚሮጥበት ሰዓት ነው። እኔ ወደ አየር ጤና ለመሄድ መጀመሪያ ሜክሲኮ መድረስ አለብኝ። ከዚያ ሰልፍ አለ። ሰልፉ አንዳንድ ቀን ዞሮ ጫፉ አይታይም። ታክሲ ይጠፋል፤ የመጣውም «እስከ ጦር ኃይሎች ብቻ» ብሎ መንገዱን ያቆራርጠዋል፤ ከዚያ እንደገና ሰልፍ፣ እንደገና ሒሳብ። 11 ሰዓት ተኩል ከክፍል የወጣ ተማሪ ቤቱ ደርሶ ከቤተሰቡ ጋር አፈጥራለሁ ብሎ ቢቸኩል፣ አዛኑ የሚያገኘው በዚህ መሀል ነው።

መፍትሔው ሰዓትን ቆርጦ መወሰን ነው። የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፦ ትምህርት ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ካለቀ ቀጥታ ወደ ቤት፤ 11 ሰዓትና ከዚያ በኋላ ካለቀ እዚያው መቆየት። ስንቆይ አምስት ስድስት ሆነን እናዋጣለን። ሳምቡሳ፣ ቴምርና ውኃ ገዝተን እናፈጥራለን፤ ከግቢው ውጭ ካለው መስጂድ መግሪብ ሰግደን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ላይ እንወጣለን። በዚያ ሰዓት ሰልፉ ጋብ ይላል። ነገር ግን ጨልሟል፤ ታክሲውም እየሳሳ ይሄዳል። እህቶቼ፣ ብቻችሁን አትውጡ። አንድ አቅጣጫ የምትሄዱ ልጆች ከረመዳን በፊት ተፈላልጋችሁ ስልክ ተለዋወጡ፤ የመጨረሻዋ እስክትገባም ተጠባበቁ። ለቤተሰብም ምሽቱን እንደምታመሹ ጠዋት ንገሯቸው፤ እናት ሾርባውን አቅርባ በር በሩን እንዳታይ።

መንገድ ላይ ለምታፈጥሩበት ቀን ደግሞ ዝግጁ ሁኑ። ቴምሩንና ትንሿን የውኃ ላስቲክ ቦርሳው ሥር አትቅበሩት። የጎን ኪስ ውስጥ አድርጉት፤ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር አራት ሆኖ የተቀመጠ ሰው ቦርሳ መክፈቻ ክርን የለውም። አንድ ምሽት ጦር ኃይሎች ሳንደርስ መንገድ ተዘግቶ ቆመን አዛን አለ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። ሒሳብ እየሰበሰበ የነበረው ረዳት እጁን መለስ አድርጎ «የሚያፈጥር ካለ ያፍጥር፣ ሒሳብ ይደርሳል» አለ። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ፤ ቴምሩን ለማውጣት ስታገል አይተው «አምጪው ልጄ፣ ቦርሳሽን ልያዝልሽ» አሉኝ። ቴምር ባቀርብላቸው «እኔም ጾም ነኝ፤ ግን ቴምርማ ይበላል» ብለው ተቀበሉኝ። ከፊት የተቀመጠ ልጅ የራሱን ኮዳ ወደ ኋላ አሳለፈ። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ሁላችንም አፍጥረን ነበር።

ለእህቶች አንድ ነገር ልጨምር። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትጾምም፤ ከረመዳን በኋላ ያለፏትን ቀናት ጾማ ቀዷ ታወጣለች። የታመመና መንገደኛ የሆነም እንዲሁ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ውኃ ስትጠጣ ብታዩ «ለምን አልጾምሽም?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ። ሙስሊም ወንድሞቼ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ዲኑ የሰጣትን ፈቃድ ተደብቃ እንድትጠቀም ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ሙስሊም ላልሆናችሁ ጓደኞቻችን፦ ጾም ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ቀን በአንድ ሰኞ ነው የገቡት፤ እኛ መግሪብን ስንጠብቅ ከእናንተም ቅዳሴ እስኪወጣ እህል የማይቀምስ ነበረ። «እኛ ፊት ስንበላ ትቸገራላችሁ?» ብላችሁ ለምትጨነቁልን እናመሰግናለን፤ በነፃነት ብሉ። የሚጠቅመን ሰዓት ነው። የቡድን ሥራ ስብሰባ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አትያዙብን። ረፋድ ላይ ይሁን፤ ያኔ ጭንቅላታችን ሙሉ ነው።

መምህራንም ቢሆኑ ብዙዎቹ ሲነገራቸው ይረዳሉ። አንድ ጊዜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያበቃ ፈተና ተይዞብን ነበር፤ ተቆጥተን ገባን፣ ተቆጥተን ወጣን። በኋላ ስንጠይቅ መምህሩ ረመዳን መግባቱን አላሰበውም፤ ከእኛም የነገረው ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት የክፍላችን ተወካይ፣ እሷ ራሷ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት፣ ረመዳን ሳይገባ ቀድማ ሄዳ የከሰዓቱ የላብራቶሪ ትምህርት ወደ ጠዋት እንዲዛወር ጠየቀች። መምህሩ በዚያው ዕለት እሺ አለ። ሙስሊም ያልሆኑትም በሰዓት ቤታቸው መግባት ቻሉ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። የትምህርት መርሐ ግብራችሁን አውጥታችሁ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚያልቀውን ሁሉ ምልክት አድርጉበት። ከክፍል ተወካያችሁ ጋር ሆናችሁ መምህሩን በአክብሮት አነጋግሩ፤ ባይሆን እንኳ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። በአቅጣጫችሁ የሚሄዱ ጓደኞች ፈልጉ። ቴምር ስትይዙም ለአጠገባችሁ ሰው የሚሆን ጨምራችሁ ያዙ፤ ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል ምንዳ አለው።

ይህን ጽሑፍ ዘንድሮ ለገባ ተማሪ አስተላልፉለት። ረመዳን ሙባረክ፤ አላህ ጾማችንንም ትምህርታችንንም ይቀበለን።