ሰፈሩን የሚመስል ሕንፃ፦ ከቤይሩት የሚቀሰም ትምህርት

በሊባኖስ መዲና ቤይሩት፣ ከአሽራፊዬ ኮረብታ ግርጌ በሚገኙት ገማይዜና ማር ሚካኤል ሰፈሮች የሚመላለስ መንገደኛ ሁለት ዘመናት ጎን ለጎን ቆመው ያያል። በአንድ ወገን በአሸዋ ድንጋይ የታነጹ፣ ቀይ የሸክላ ጣሪያ የደፉና በሦስት ቅስቶች የተዋበ መስኮት ያላቸው ቤቶች አሉ። በሌላ ወገን ከጎረቤቶቻቸው ብዙ እጥፍ የሚረዝሙ አዳዲስ ማማዎች ይታያሉ። ልዩነቱ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ ማን ሊኖር እንደሚችልም ይወስናል።

ባለ ሦስት ቅስት ቤቶቹ የተስፋፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከተማዋ በሐር ንግድና በወደቧ በበለጸገችበት ወቅት ነው። ክፍሎቹ አንድ ሰፊ አዳራሽ ከበው ይሠራሉ፤ ቅስቶቹም ለአዳራሹ ብርሃንና የባሕር ነፋስ ያስገባሉ። በ1920ዎቹ ሲሚንቶ ሲስፋፋ ቤቱ ወደ አፓርታማ ተለወጠ። ሆኖም አዲሱ ሕንፃ የመንገዱን መስመር ጠበቀ፤ ምድር ቤቱን ለሱቅ ሰጠ፤ በየፎቁም ሰገነት አወጣ። አርክቴክቱ ዩሴፍ አፍቲሞስ እ.ኤ.አ. በ1924 የነደፈው የባራካት ሕንፃ ለዚህ አብነት ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት የአልሞ ተኳሾች ምሽግ የነበረው ይህ ሕንፃ ዛሬ ቤይት ቤይሩት የተሰኘ ሙዚየም ሆኗል።

ታዲያ ይህ ልማድ ለምን ተቋረጠ? አንደኛው ምክንያት ኪራይ ነው። ከ1992 በፊት የተፈረሙ የኪራይ ውሎች ዋጋቸው ለረጅም ዓመታት በሕግ ታስሮ በመቆየቱ፣ ባለቤቶች ከአሮጌ ቤት የሚያገኙት ገቢ ለጥገና እንኳ አይበቃም ነበር። ሁለተኛው የሕንፃ ደንብ ነው። የሚፈቀደው የወለል ስፋት በመሬቱ ስፋት ስለሚሰላ፣ ጥቂት ትናንሽ ይዞታዎችን ገዝቶ ያዋሐደ አልሚ ረጅም ማማ ለመሥራት ይችላል። ከመንገዱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግም ከፍታው ይጨምርለታል። ውጤቱም የተቆራረጠ የመንገድ መስመር፣ በሱቅ ፈንታ አጥርና የመኪና ማቆሚያ ነው።

ነሐሴ 4 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል ጉዳዩን አጣዳፊ አደረገው። ዩኔስኮ ጉዳት ከደረሰባቸው ወደ 640 ታሪካዊ ሕንፃዎች መካከል 60 ያህሉ የመፍረስ አደጋ እንደተጋረጠባቸው አስታወቀ። ችግረኛ ባለቤቶች ቤታቸውን በርካሽ እንዳይሸጡ በመስጋትም የአገሪቱ ፓርላማ በተጎዱት ሰፈሮች የንብረት ሽያጭን ለሁለት ዓመት ያገደ ሕግ አጸደቀ።

ሰፈርን መምሰል ማለት ግን ቅስትና ቀይ ጣሪያ መቅዳት ማለት አይደለም። ቅስት የተለጠፈበት ባለ ሠላሳ ፎቅ ማማ ያው ማማ ነው። ዋናው ቁም ነገር ልኩ ነው፦ የጎረቤት ከፍታ፣ የመንገዱ መስመር፣ የበርና የመስኮት አደራደር፣ ለእግረኛ ክፍት የሆነ ምድር ቤት፣ እንዲሁም ከመንገድ ጋር የሚያነጋግር ሰገነት።

የሰገነትን ዋጋ በሊባኖስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በሚገባ ያውቁታል። ከቤት እንዳትወጣ ለተከለከለች ሠራተኛ፣ ከማዶው ሰገነት ካለች የአገሯ ልጅ ጋር ሰላምታና ወሬ የምትለዋወጥበት ብቸኛ ደጅ እርሱ ነው። በአንጻሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚመላለሱበት የቡርጅ ሐሙድ ዳርቻ፣ አርመን ስደተኞች በቆረቆሩት ሰፈር፣ ጠባብ መንገዶችና የተቀራረቡ ሰገነቶች ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኛሉ። የመኖሪያ ሕንፃ ንድፍ የሰውን ግንኙነት ሊከፍትም ሊዘጋም እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በፍጥነት እየታደሰች ላለችው አዲስ አበባም ጥያቄው ሩቅ አይደለም። የቤይሩት ተሞክሮ እንደሚያሳየው የአንድ ሰፈር መልክ የሚጠበቀው በአርክቴክቱ እርሳስ ብቻ ሳይሆን፣ የወለል ስፋትን በሚወስነው ደንብ፣ በኪራይ ሕጉና ለጥገና በሚሰጠው ድጋፍ ጭምር ነው። እነዚህ ካልተናበቡ፣ የሚያምር ሕንፃ እየተሠራም ሰፈሩ ሊጠፋ ይችላል።