ዱካ አዋቂን መጠየቅ

በናሚቢያና በቦትስዋና ድንበር፣ በካላሃሪ አሸዋማ ምድር የሚኖሩት ጁሆአንሲ ከሳን ሕዝቦች ወገን ናቸው። የአዳኞቻቸው ቀስት ትንሽ ናት፤ የሚገድለው መርዙ ነው። መርዙ የሚገኘው ከከርቤ ወገን በሆኑ ቁጥቋጦዎች ሥር አፈሩ ተቆፍሮ ከሚወጣ የጥንዚዛ እጭ ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። የተወጋው እንስሳ ቀጭኔ ከሆነ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ፍላጻው ካረፈ በኋላ ዋናው ሥራ ገና ይጀምራል፤ ከመንጋው ዱካ መካከል የዚያን የአንዱን ለይቶ መከተል።

ይህ ለጥሩ ዓይን ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ጠርዙ የተናደ፣ ነፋስ ያለሰለሰው ኮቴ ቆይቷል። በሌሊት የሚወጡ ነፍሳት በላዩ ከተሻገሩበት ደግሞ እንስሳው ያለፈው ከእነሱ በፊት ነው። ጥላ ከፀሐይ ጋር ስለሚዞር፣ የተኛበትን ስፍራ አይቶ በስንት ሰዓት እንዳረፈ ማስላት ይቻላል። ዱካው በደረቅ መሬት ላይ ሲጠፋ የበሰለ አዳኝ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ገምቶ ወደዚያ ይቀድማል፤ ግምቱ ትክክል መሆኑን የሚነግረው እዚያ የሚያገኘው ምልክት ነው።

ተመራማሪዎቹ ኒኮላስ ብለርተን ጆንስና ሜልቪን ኮነር ቦትስዋና ውስጥ ከእነዚህ አዳኞች ጋር ተቀምጠው ስለ እንስሳት ጠባይ ተወያይተው፣ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1976 አሳተሙ። የአዳኞቹ እውቀት ስፋት ያስደንቃል፤ ጥንቃቄያቸው ግን ይበልጥ ያስደንቃል። በዓይናቸው ያዩትን፣ ከዱካ ተነሥተው የገመቱትንና ከሰው የሰሙትን አያቀላቅሉም፤ የማያውቁትንም አናውቅም ይላሉ። ከእንዲህ ያለ ሰው እውቀት የሚፈልግ ጠያቂም በዚያው ልክ መጠንቀቅ አለበት። «ይህ አውሬ ምን ዓይነት ነው?» ከሚል ጥቅል ጥያቄ «ምን ሲያደርግ አዩት? የት? በምን ምልክት አወቁት?» የሚለው እጅግ ይሻላል። መልሱን በሆዱ የያዘ ጥያቄ በተለይ ጎጂ ነው፤ እንግዳን ላለማስቀየም የተሰጠ እሺታ እንደ እውቀት ተመዝግቦ ይቀራል።

ብዙ ዱካ አዋቂዎች ፊደል ስላልቆጠሩ እውቀታቸው ከመዝገብ ውጭ ሆኖ ኖሯል። ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሊበንበርግ በ1990ዎቹ ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ ሳይበርትራከር የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጀ። በእጅ በሚያዝ ኮምፒውተር ላይ በጽሑፍ ፈንታ ሥዕል ተቀመጠ፤ አዋቂው ያየውን ነገር ሥዕል ይነካል፣ ቦታው በሳተላይት ይመዘገባል። በካሩ ብሔራዊ ፓርክ የጥቁር አውራሪስን አመጋገብ በዚህ መንገድ የመዘገቡት ዱካ አዋቂዎች በ1999 በወጣው ጽሑፍ ላይ በደራሲነት ተጠቅሰዋል። የሚገባቸውም ይኸው ነው።

በ2013 ደግሞ ሦስት የጁሆአንሲ አዋቂዎች ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተጉዘው በዋሻዎች ወለል ላይ የቀረውን የበረዶ ዘመን ሰዎች አሻራ መረመሩ። በቲዩክ ዶዱቤር ዋሻ ያሉት የተረከዝ ምልክቶች ከሥርዓተ አምልኮ ጭፈራ ጋር ተያይዘው ሲተረጎሙ ኖረዋል። ሦስቱ ሰዎች ግን እርስ በርስ ከተከራከሩ በኋላ፣ አንድ ጎልማሳና አንድ ታዳጊ የሸክላ አፈር ለማውጣት ሲመላለሱ የተዉት ነው አሉ።

ማን በእርግጥ አዋቂ እንደሆነ መለየትም ዘዴ አለው። ሊበንበርግ በ1994 ባስጀመረው ምዘና መዛኙና ተመዛኙ አብረው ሜዳ ይወጣሉ። መዛኙ ባገኘው ምልክት ላይ ቆሞ የማን እንደሆነና ምን እንደተደረገ ይጠይቃል፤ መልሱ ከተሳሳተ ምክንያቱን እዚያው ምልክቱን እያሳየ ያስረዳል። ዱካ የመከተል ችሎታው ደግሞ የሚለካው አዲስ ዱካ ተከትሎ እንስሳው ሳይደነብርበት መድረስ በመቻሉ ነው።